አገር ተቀብሎ ፍች የነፈገ ጨዋታ

በአገራችን ልማድ ማታ በምድጃ ዙሪያ እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ሰው፥ መላሹ ያቃተው እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ አገሩን ከተቀበለ በኋላ ግን ፍችውን መናገር ግዴታው ነው። አገር ተቀብሎ ፍች የሚነፍግ ጠያቂ ቢገኝ ልጆች እንኳ አታላይ ይሉታል። የዕረፍት ጊዜውን በቍጥርና በአመክንዮ ጨዋታ ለማሳለፍ የሚሻ አንባቢም ጨዋታውን ሲመርጥ ይህን ውል ቢያስብ መልካም ነው። ውሉ የፈረሰበት ጊዜ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. በአሜሪካና በአውሮፓ «የ15 ጨዋታ» የሚባል ነገር ሕዝቡን ሁሉ ያዘው። አራት በአራት በሆነች ሣጥን ውስጥ ከ1 እስከ 15 ቍጥር የተጻፈባቸው ቁራጮችና አንድ ባዶ ቦታ አሉ፤ ተጫዋቹ ቁራጮቹን ሳያነሣ ወደ ባዶው ቦታ እያንሸራተተ በተራቸው ያሰልፋቸዋል። ሰውን ያስጨነቀው ግን 14ና 15 ብቻ ቦታ ተለዋውጠው ሌሎቹ ሁሉ በሥርዓት የተቀመጡበት አቀማመጥ ነው። ጥቂት የቀረው ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢደክሙበት አይፈታም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ባዶው ቦታ ከጥጉ ተነሥቶ ወደዚያው ጥግ እንዲመለስ ወደ ላይ የሄደውን ያህል ወደ ታች፥ ወደ ግራ የሄደውን ያህል ወደ ቀኝ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ የእርምጃው ቍጥር ምንጊዜም ለሁለት እኩል የሚከፈል ጥንድ ነው። እያንዳንዱም እርምጃ ባዶውን ቦታ ከአንድ ቁራጭ ጋራ ማለዋወጥ ነው። 14ንና 15ን ማለዋወጥ ግን አንድ ልውውጥ፥ ማለት ጎዶሎ፥ ስለ ሆነ ከጥንድ ልውውጥ ከቶ ሊገኝ አይችልም። ጆንሰንና ስቶሪ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ይህን በአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት በ1879 ዓ.ም. ቅጽ አስረድተው ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ከጨዋታው ይልቅ ማስረጃቸው ያስደስታል፤ «አይፈታም» ማለትም ከነምክንያቱ ሲነገር ፍች ነውና።

ታዋቂው የእንቆቅልሽ ደራሲ ሳም ሎይድ ግን የማይፈታውን ለሚፈታ 1,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ፤ ገንዘቡ ከኪሱ እንደማይወጣ ያውቃል። ይባስ ብሎ ጨዋታውን የፈጠርሁት እኔ ነኝ እያለ በ1911 ዓ.ም. ሞተ። ኋላ የመረመሩት ሰዎች እንዳረጋገጡት ግን ፈጣሪው ኖይስ ቻፕማን የተባለ፥ በኒው ዮርክ ግዛት የካናስቶታ ከተማ የፖስታ ቤት ሹም ነበር።

ውሉን የሚያከብረው ጨዋታ ሱዶኩ ነው። በዘጠኝ በዘጠኝ ሰንጠረዥ ላይ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቍጥሮች በየረድፉ፥ በየዓምዱና ሦስት በሦስት በሆነው በየክፍሉ ሳይደገሙ ይሞላሉ። አሜሪካዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሃዋርድ ጋርንስ እንደ ፈጠረው ይታመናል፤ በ1979 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ የጨዋታ መጽሔት ሲወጣ ስሙ አልተጻፈበትም። በ1984 ዓ.ም. ኒኮሊ የተባለው አሳታሚ በጃፓን አስፋፋው፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዌይን ጉልድ ለሎንዶኑ «ታይምስ» ጋዜጣ አቀረበው። ጋርንስ በ1989 ዓ.ም. ስለ ሞተ ይህን ዝና አላየም።

የሱዶኩ ደንብ ፍቹ አንድ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። በ2012 ዓ.ም. በዱብሊን ጋሪ መጓየርና ባልደረቦቹ ቢያንስ 17 ቍጥሮች አስቀድመው ካልተሰጡ አንድ ብቻ ፍች ሊኖር እንደማይችል በኮምፒውተር መርምረው አሳወቁ። ስለዚህ 16 ቍጥር ብቻ የተሰጠበት ሰንጠረዥ ያጋጠመው ሰው እርሳሱን ሳያነሣ ገጹን ሊገልጥ ይችላል።