ከጥፋተኛው ወደ ሕፃኑ፦ የፍቺ ሕግ ጉዞ በኢትዮጵያ

ባልና ሚስት ሲለያዩ ቤት ይፈርሳል፤ ሀብት ይካፈላል፤ ልጅ ግን እንደ ከብትና እንደ እህል ለሁለት አይከፈልም። ይህ እውነት በአገራችን የፍቺ ሕግ ውስጥ ተገቢ ስፍራውን ያገኘው ቀስ በቀስ ነው።

በቀድሞው ዘመን የቁርባን ጋብቻ እስከ ሞት የሚጸና ተደርጎ ሲቆጠር፣ በሰማንያ የተጋቡት ግን ዕርቅ ካልሆነ በሽማግሌ ፊት ሀብታቸውን ተካፍለው ይለያዩ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ የሽምግልና ሥርዓት በጽሑፍ አጸናው። ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሆኑ፤ ተጋቢዎቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ እነዚሁ ሽማግሌዎች የጋብቻው ምስክሮች የነበሩት ሰዎች ናቸው።

ሕጉ እንደ ዝሙት ያሉትን ከባድ የፍቺ ምክንያቶች ዘርዝሮ፣ ጥፋተኛ የሆነው ወገን ከጋራው ሀብት ድርሻው ሊቀነስበት እንዲችል ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ሙግቱ «በዳዩ ማን ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ማዘንበሉ የማይቀር ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ሕግ ስለ ልጆች ሲደነግግ የእነርሱ ጥቅም ብቻ እንዲታይ፣ ከባድ ምክንያት ካላጋጠመም ሕፃን እስከ 5 ዓመቱ ድረስ ለእናቱ እንዲሰጥ አዘዘ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሁለቱን ወገን በደል ሲያዳምጥ ለዋለ ሽማግሌ፣ የልጁን ነገር ከወላጆቹ ጥፋት ለይቶ ማየት ቀላል አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕፃናትን ጥቅም ቀዳሚ አደረገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቶ ለሽማግሌዎች የማስታረቁን ተግባር ተወላቸው፤ በስምምነት መፋታትንም ፈቀደ። ልጅን የማሳደግ ጉዳይ ሲወሰን የወላጆቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጁ ዕድሜና ጥቅም ይመዘናል። ወላጅ ልጁን የመጠየቅ መብት እንዳለው ሁሉ፣ ልጅም ወላጁን የመጠየቅ መብት አለው።

ሕግ የመጠየቂያውን ቀንና የቀለቡን መጠን ይወስናል። ልጁ በሁለት ቤት መካከል ወሬ አመላላሽ፣ በእናቱ ወይም በአባቱ ላይም መስካሪ እንዳይሆን መጠበቅ ግን የወላጆቹ ፈንታ ነው። ትዳር ሊፈርስ ይችላል፤ አባትነትና እናትነት ግን በፍርድ አይፈርስም።