ፍጥነትን ማን ይወስናል? ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣችሁ አድማጮቼ በሚገባ በምታውቁት ነገር ልጀምር። በመኸር ወራት ደቦ ወጥቶ ጤፍ ወይም ገብስ ሲታጨድ አንዱ ዜማ ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። አውጪው ዜማውን ሲያፈጥን ማጭዱ ይፈጥናል፤ ሲያረግብ ደግሞ ወገብ ያርፋል። ብልህ አውጪ የብርቱውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የደካማውንም ትንፋሽ ያውቃል። ይህን የማያውቅ ከሆነ ጎበዙ ወደ ፊት ይገሰግሳል፣ ደካማው ወደ ኋላ ይቀራል፣ በመካከሉም ያልታጨደ እህል ይቆማል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው፦ በስፖርት ውስጥ የአንድን ቡድን ፍጥነት የሚወስን ሰው ማጥቃቱን እንዴት ይቀርጻል? ለፍጥነቱስ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ነገሩን በግልጽ ያሳየው የቅርጫት ኳስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ የተባለው ቡድን ግዙፉ ጆርጅ ማይካን የሚመራውን ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ18 አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ኳስ ይዞ የመቆያ የጊዜ ገደብ ስላልነበረ፣ ፒስተንሶች ኳሱን እየተቀባበሉ ጨዋታውን አቀዘቀዙት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። የሙከራው ብዛት ባነሰ ቁጥር የብርቱው ብልጫ የሚታይበት ዕድል ይጠብባል። ይህን መሰሉ ጨዋታ ተመልካችን ስላሰለቸ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የ24 ሰከንድ ደንብ ወጣ።

ተቃራኒው ምሳሌ የፖል ዌስትሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989/90 የውድድር ዘመን የሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ ቡድኑ ያለ ዕረፍት እየሮጠ በአማካይ 122.4 ነጥብ አስቆጠረ። ሆኖም በዚያው ዓመት በኔቫዳ ላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲ 131 ለ101 ተሸነፈ። ፍጥነት የራስን ሙከራ ሲያበዛ የባላጋራንም ያበዛልና። ስለዚህ ፍጥነት በራሱ ብርታት አይደለም፤ የቡድኑን አቅም ከባላጋራው ድካም ጋር የሚያገናኝ ምርጫ ነው።

ይህን ምርጫ በእኛ አገር ታሪክ በጉልህ የምናየው በረጅም ርቀት ሩጫ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሮጠ። አበበና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው አጥንተውት ነበር። አበበ የታገሠው ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ የማጥቂያ ስፍራውን መርጦ ስለነበረ ነው። ስፍራውም ፋሽስት ኢጣሊያ ዘርፋ የወሰደችው የአክሱም ሐውልት የቆመበት አካባቢ ነበር። ከዚያ ተፈትልኮ በ25 ሰከንድ ቀደመ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቢያልፉም፣ ያው ሯጭ በያው አሰልጣኝ እጅ ፈጽሞ ሌላ መልክ ያዘ። ገና በመንገዱ አጋማሽ ብቻውን ወጥቶ ከአራት ደቂቃ በሚበልጥ ልዩነት አሸነፈ። አንዱ ድል በትዕግሥት፣ ሌላው በመሪነት ተገኘ።

ሮምና ቶኪዮ ግን የአንድ ሰው ሩጫዎች ናቸው። ፍጥነት የቡድን መሣሪያ ሲሆን የምናየው በሞስኮ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በተደረገው የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ በንጉሤ ሮባ የሚሠለጥኑት ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ወደ ፊት በመውጣት ሩጫውን አንዴ ያፈጥኑት፣ አንዴ ያረግቡት ነበር። ከባላጋሮቻቸው መካከል የሁለት ኦሊምፒኮች የርቀቱ አሸናፊ ላሴ ቪረን ይገኝ ነበር። እኩል ፍጥነት የለመደ ሯጭ በእንዲህ ያለ መለዋወጥ እግሩ ይዝላል። ምሩጽ 300 ሜትር ያህል ሲቀር ተስፈንጥሮ ወርቁን ወሰደ፤ መሐመድ ነሐስ አገኘ። ፍጥነቱን ከሠሩት ከሦስቱ አንዱ የነበረው ቶሎሳ ግን አራተኛ ወጣ፤ ቪረንን ቀድሞ፣ ግን ያለ ሜዳሊያ።

ከዚያ በኋላ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ በወልደመስቀል ኮስትሬ ዘመን፣ የፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና መጣ። የ10 ሺህ ሜትሩ የመጀመሪያ እኩሌታ በ13 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ተጠናቀቀ። ሁለተኛው እኩሌታ ግን 12 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ብቻ ወሰደ። ኢትዮጵያውያኑ ፍጥነቱን በእጃቸው ሲያስገቡ ሌላው ሁሉ ተንጠባጠበ። ቀነኒሳ በቀለ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ስለሺ ስህን ተከታትለው ገቡ። የ30 ዓመቱ ኃይሌ ፊት ሆኖ እየመራ ያከረረው ፍጥነት፣ በመጨረሻ የ21 ዓመቱን ቀነኒሳን ባለድል አደረገ።

እንግዲህ ከእነዚህ ታሪኮች የምንማረው ምንድን ነው? የውጤት ሰሌዳ የሚመዘግበው የገባውን እንጂ ያስገባውን አይደለም። የታሪክ ተማሪ ግን በሰሌዳው ሊረካ አይገባውም። የሞስኮን ወርቅ ስንጽፍ አራተኛውን ካልጻፍን፣ የፓሪስን ድል ስናወሳ ከፊት ሆኖ ነፋስ የመከተውን ከዘለልን፣ የጻፍነው ግማሽ ታሪክ ነው። አሰልጣኝም ፍጥነት በሚመርጥበት ሰዓት የሚመርጠው ስልት ብቻ አይደለም፤ ከልጆቹ መካከል ማን እንደሚደክምና ማን እንደሚሸለምም አብሮ ይወስናል። ፍትሐዊ የሚሆነውም ይህንን አውቆ፣ ለደካሚውም ነግሮ፣ ኋላም ሳይረሳው ሲቀር ነው።

በእስቴም ሆነ በስማዳ አዝመራው ሲያበቃ ለደቦው የሚቀርበው ድግስ ለሁሉም ነው፤ ቀድሞ ለጨረሰው ብቻ አይደለም። ለስፖርት ታሪካችንም የምመኘው ይህንኑ ነው።