ሕርጊጎ፦ የጉድጓድ ውሃና የጨው ውሃ ዛፍ

ከምፅዋ በስተደቡብ፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለችው ሕርጊጎ በታሪክ ስሟ የሚነሣው በውሃ ነው። ምፅዋ ደሴት ላይ የተቆረቆረች፣ የራሷ ምንጭ የሌላት ከተማ ስለነበረች ለዘመናት የሚጠጣ ውሃ ይጓጓዝላት የነበረው ከሕርጊጎ ጉድጓዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ያዩዋት፣ ኋላም ናይብ የሚባሉት የአካባቢው ገዥዎች መቀመጫ የሆነችው መንደር ይህች ናት፤ ጉድጓዶቿን የያዘ ሁሉ ምፅዋን በጥም ማስጨነቅ ይችል ነበር። በእንዲህ ያለ ጠረፍ የሕይወት ልክ ጣፋጭ ውሃ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። የሕርጊጎ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ግን፣ ቢያንስ ባሕሩ ሲሞላ ተውጦ ሲጎድል በሚጋለጠው መሬት ላይ፣ ይህ ድምዳሜ ስሕተት መሆኑን ያሳያል።

በዚህ ጠረፍ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ከጨው ጋር የነበረበትን ጠብ ከጨረሰ ቆይቷል። ሥሩ አብዛኛውን ጨው ወደ ውስጥ ሳያስገባ ያስቀራል፤ ያለፈውንም ቅጠሉ በጥቃቅን ዕጢዎች ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ በደረቅ ቀን የጨው ቅንጣት ቅጠሉ ላይ ይታያል። ጭቃው አየር የለውምና ከሥሩ ቀጥ ብለው የሚወጡ በርካታ ቀጫጭን መተንፈሻዎች አሉት፤ ባሕሩ ሲሸሽ አየር የሚስበው በእነዚህ ነው። ዘሩም ገና ከእናቱ ሳይለይ በፍሬው ውስጥ መብቀል ይጀምራል፤ ከወደቀ በኋላ ቀጣዩ ሙላት ጠርጎ ሳይወስደው ቶሎ ሥር መስደድ አለበትና። ይህን ሁሉ ያሟላ ዛፍ ጠረፉን በሙሉ መሸፈን በተገባው ነበር። ነገር ግን በኤርትራ ጠረፍ የሚገኘው አልፎ አልፎ፣ በተለይም የዝናብ ጎርፍ ከደጋው ወርዶ ባሕር በሚገባባቸው መርሳ በሚባሉ የባሕር ሰርጦች ነው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

የተለመደው መልስ ጣፋጭ ውሃ የሚል ነበር። ጃፓናዊ ዝርያ ያለው አሜሪካዊው የሕዋስ ሳይንቲስት ጎርደን ሳቶ ግን መልሱን ተጠራጠረ። ሳቶ በልጅነቱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ አሜሪካ ዜጎቿን በዘራቸው ብቻ ባጎረችበት በካሊፎርኒያው የማንዛናር የበረሃ ሰፈር ታስሮ ነበር፤ የኤርትራ ሥራውንም በዚያ ሰፈር ስም ጠራው። ጎርፍ ውሃ ብቻ ሳይሆን አፈርም ይዞ ይወርዳል ሲል አሰበ፤ የባሕሩ ውሃ የሚያንሰው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሕርጊጎ ላይ፣ ዝናብ እምብዛም በማያውቀው ባዶ ዳርቻ፣ ገበሬ የሚያውቃቸው ዩሪያና ዳፕ የተሞሉ ትንንሽ ቀዳዳ ያላቸው የፕላስቲክ ከረጢቶችና ቁርጥራጭ ብረት ከችግኞች አጠገብ እንዲቀበሩ አደረገ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ቆሙ። ሥራውን የሠሩት በአብዛኛው የመንደሯ ሴቶች ናቸው፤ የደርግ ጦር በ1967 ዓ.ም. ያቃጠላትና ነዋሪዎቿን የፈጀባት መንደር መሆኗን ስናስታውስ፣ ከሥራው ያገኙት ደመወዝ ምን ማለት እንደነበር መገመት አይከብድም።

ተቃውሞ አልጠፋም። አንደኛው ማዳበሪያ ባሕሩን ይበክላል፣ ኮራሉንም ይጎዳል የሚል ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ የከረጢቱ ቀዳዳ የጠበበውም ምግቡ ጥቂት በጥቂት እንዲወጣ ነው። ሆኖም አሠራሩ ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ሊደረግ ከሚገባው የባሕር ክትትል ነጻ አያወጣም። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፦ ባዶ የሚመስለው ጭቃ ባዶ አይደለም፤ ሸርጣንና ትሎች ይኖሩበታል፣ ተሰዳጅ ወፎችም ይመገቡበታል። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ዳርቻውን ሁሉ በዛፍ መሸፈን ጥፋት ይሆናል። ግን የሳቶን ግኝት አያፈርሰውም፤ የት እንደሚተከል የሚወስን እንጂ ለምን እንደሚበቅል የሚያስተባብል አይደለም። ሦስተኛው ጣፋጭ ውሃም ዕድገትን ያግዛል ይላል። ያግዛል፤ ማገዝና ግዴታ መሆን ግን ይለያያሉ፤ ሕርጊጎ ላይ የቆሙት ዛፎች ያለ ጎርፍ አድገዋልና። ዛፎቹ ለበግና ለፍየል መኖ ይሆናሉ መባሉም ቢሆን መጋነን የለበትም፤ ቅጠሉ ብቻውን ስለማይበቃ ሌላ መኖ ሊጨመርበት ይገባል።

ሳቶ እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ። ዛሬ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ማንግሮቭ ለመትከል የሚነሡ ሁሉ የችግኝ ቁጥር ከመቁጠራቸው በፊት ሁለት ነገር ይመርምሩ፦ ጭቃው ምን ይጎድለዋል፣ ማንስ ይኖርበታል።