ምርመራው በቀረበ ቁጥር፦ የሩማቲክ የልብ ሕመም ጥናት ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕና የሚወርደው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቡታጅራ ላይ ምሳ በልቶ የሚያልፈው መንገደኛ፣ ከተማዋ በኢትዮጵያ የልብ ሕክምና ታሪክ ያላትን ድርሻ እምብዛም አያስበውም። የልብ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ከበደ ኦሊና ባልደረቦቻቸው የቡታጅራን ተማሪዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1992 ውጤቱን አሳተሙ። ከ1,000 ተማሪዎች መካከል ወደ 5 የሚጠጉት (በጥናቱ አኃዝ 4.6) በሩማቲክ ሕመም የተጎዳ ልብ ይዘው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይማሩ ነበር።

ይህ ሕመም የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ ጉሮሮ ያቆስላል፤ ልጁ ትኩሳት ይይዘዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ በሳምንቱ ይድናል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን አካል ያጠቃል። መገጣጠሚያ ያብጣል፣ የልብ በሮች ይቆጣሉ። መገጣጠሚያው ሲሽር የልብ በሮቹ ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር ጠባሳው እየወፈረ በሮቹ ወይ በደንብ አይከፈቱም፣ ወይ በደንብ አይዘጉም። ጉሮሮው የቆሰለበትን ቀን ቤተሰቡ ከረሳው ከዓመታት በኋላ፣ ልጁ ወይም ልጅቷ ዳገት መውጣት ያቅታቸዋል፤ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ እግራቸው ያብጣል።

በመገጣጠሚያ ሕመምና በልብ ጉዳት መካከል ያለውን ዝምድና ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ባፕቲስት ቡዮ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሳይጋመስ አስረድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካዊው ዳኬት ጆንስ ሕመሙ የሚለይባቸውን ምልክቶች በዝርዝር አስቀመጠ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ሥራ ላይ ዋለ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መኖሪያ ቤቱ እየሰፋ፣ ሕክምናው እየቀረበ፣ መድኃኒቱ እየተዳረሰ ሲሄድ የሩማቲክ የልብ ሕመም ከሕፃናት ሕክምና ክፍሎች እየጠፋ መጣ። እኛ ዘንድ ግን ቀረ።

የእኛን አገር ታሪክ ለመከተል አንድ ሰው ይበቃሉ። ብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 እርሳቸውና ባልደረባቸው ጎርደን፣ አነስተኛ የደረት ራጅ ለብዙ ሰው በማንሣት የልብ ሕሙማንን የመፈለግ ሙከራቸውን በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አወጡ። ራጅ የሚያሳየው የተለጠጠ ልብን ነው፤ ልብ የሚለጠጠው ደግሞ ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው። ከ24 ዓመት በኋላ የወጣው የቡታጅራ ጥናት ገና ትምህርት ቤት የሚውሉትን ልጆች አገኘ። ቀጥሎ የመጣው ተንቀሳቃሽ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) የልብን በር ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይን አሳየ፤ ምልክት ያልሰጠውን፣ በጆሮም የማይሰማውን ጉዳት ጭምር አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው፣ በተለያዩ የአገሪቱ ቦታዎች ከ3,200 በላይ ተማሪዎችን በኢኮ ባየ ጥናት ቁጥሩ ከሺህ 19 ሆነ። በዓመቱ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ከ6 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 987 ሰዎች ታዩ፤ በ37ቱ ላይ ሕመሙ በግልጽ ተገኘ። በዚህ ጥናት አዘጋጆች ዝርዝር ውስጥ ያ የ1968ቱ ፓሪ ስማቸው አለ።

ጥናቶቹ በመሣሪያም፣ በቦታም፣ በተመርማሪዎቹ ዕድሜም ስለሚለያዩ ሕመሙ በ25 ዓመት ይህን ያህል ጊዜ ተባዛ አያሰኙም። ከእነርሱ የምንረዳው ሌላ ነገር ነው። ምርመራው ወደ ሰዉ መንደር በቀረበና በተሻለ ቁጥር የሚገኙት ሕሙማን ይበዛሉ። ሕሙማኑ ፊትም ነበሩ፤ ያላየናቸው ስለራቅን ነው። በሆሳዕና ዙሪያ ያሉት ሐዲያና ከምባታ ደግሞ በአገሪቱ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው። ከዱራሜ እስከ ሺንሺቾ፣ ከሾኔ እስከ ሆመቾ የእንሰት ጓሮዎች እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ ልጆች በአንድ መደብ ይተኛሉ፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ይማራሉ። የጉሮሮ ባክቴሪያ ከልጅ ወደ ልጅ ለመሻገር የሚመቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

የልብ በር ጠባሳ የልብን ምት የሚያዛባበትን መንገድም ምርምሩ አሳይቶናል። በግራ በኩል ያለው በር ሲጠብ ደም ከላይኛው ክፍል በቀላሉ አይወጣም፤ ክፍሉ እየተለጠጠ ይሄዳል። በመጨረሻ በሥርዓት መኮማተሩን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ የልብ ትርታው ወጥነቱን ያጣል። ይህ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት የልብ ምት መመዝገቢያ፣ ኢሲጂ፣ ይህን ምት በወረቀት ላይ በግልጽ ያሳያል። በሚንቀጠቀጠው ክፍል ውስጥ የሚተኛው ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያስከትላል። የሠላሳ ዓመት እናት በአንድ ሌሊት ግማሽ አካሏ የማይታዘዝላት እንዲህ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

የዚህን ጉዳት ስፋት ያሳየው ጥናት የተመራው ከኬፕታውን ነው። የሐዲያና የከምባታ ወጣት ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነጉድ፣ በዚያችው አገር ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲና ባልደረቦቻቸው ሬሜዲ የተሰኘውን ጥናት ይመሩ ነበር። ኢትዮጵያ ከተሳተፉት 14 አገሮች አንዷ ነበረች። ከተመዘገቡት 3,343 ሕሙማን ግማሾቹ ከ28 ዓመት በታች ነበሩ፤ ከሦስት ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ከአምስት አንዱ ያህል የልብ ምቱ ተዛብቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ 17 ያህሉ ሞቱ። ኑሮ አቋቁሞ ቤተሰብ ሊመራ የሚገባው ዕድሜ ነው በዚህ ሕመም የሚቀጠፈው።

የተዛባ ምት ላለበት ሕመምተኛ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ነው። ዋርፋሪን አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። ምርመራ የማይፈልጉት አዳዲስ መድኃኒቶች ይተኩታል ተብሎ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው፣ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ሕሙማንን የያዘው ኢንቪክተስ ጥናት ግን ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ የቆየው የዋርፋሪን ዓይነት ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳየ። ስለዚህ ለእኛ ሕሙማን የደም ምርመራው በቅርብ መገኘት የሕይወት ጉዳይ ነው። ምክሩም ከአካባቢው ማዕድ ጋር መስማማት አለበት። ጎመን በያዘው ቫይታሚን ኬ ምክንያት የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ ቆጮን በጎመን ለሚበላ ቤተሰብ ትክክለኛው ምክር ጎመን ተው ማለት ሳይሆን መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አታለዋውጥ ማለት ነው። መድኃኒቱ ፅንስንም ስለሚጎዳ፣ ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት።

በሩ አንዴ ከተበላሸ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን መሠረቱ፤ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ቀድሞ ወደ ውጭ ይላኩ የነበሩ ልጆች በአገራቸው መታከም ጀመሩ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ወረፋውን የሚያሳጥረው ሌላ ማዕከል ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ወረፋው የሚገባው ልጅ ማነስ ነው።

ያን የሚያደርገው በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊን ነው። በሰሜን ኡጋንዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት 818 ልጆችን ይዟል፤ ሁሉም በኢኮ ብቻ የታየ፣ ገና ያልጠና ሕመም ነበራቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌውን ካልወሰዱት ከመቶ 8ቱ ሕመማቸው ጠና፤ ከወሰዱት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። በአገራችን ግን መርፌው ይፈራል። ተወግቶ የሞተ ሰው ወሬ በተሰማበት ቦታ ባለሙያውም እጁን ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የልብ ሐኪሞች ምክር ከእነዚህ ሞቶች አንዳንዶቹ ከመድኃኒቱ አለርጂ ይልቅ ቀድሞ ከተዳከመ ልብ ጋር እንደሚያያዙ አመለከተ፤ በሮቹ ክፉኛ ለተጎዱ ሕሙማን የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲሰጥም መከረ። ፍርሃቱ መልስ አግኝቷል ማለት ነው፤ መልሱ በየጤና ጣቢያው መድረስ አለበት።

የሚደረገውም ተጽፎ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ ኅብረት ጥሪ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሰባት ተግባራት አስቀመጡ፤ የሕሙማን መዝገብ፣ የማይቋረጥ ፔኒሲሊን፣ ለታማሚ ሴቶች የሥነ ተዋልዶ አገልግሎትና ምርመራውን ወደ ታች ማውረድ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ሆሳዕና ይህን የምትጀምርበት ቤት አላት፤ ከሐዲያ ተነሥተው የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት በሆኑት በንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ከዱራሜም ከሾኔም የተገኘ ሕመምተኛ ስሙ ይግባበት፤ የወር መርፌው ቀን ያለፈበትን ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቀው። ወላጅም ልጁ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥል ከማስቆረጥ ይልቅ ጤና ጣቢያ ይውሰደው፤ እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይገድለውም። ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀው ምርምር ሕሙማኑ የት እንዳሉና ምን እንደሚያድናቸው አሳይቶናል። ከእንግዲህ አንድ የከምባታ ልጅ በፔኒሲሊን እጦት ልቧ ቢበላሽ፣ ያጠፋው የእውቀት ማነስ አይደለም፤ ያወቅነውን እርሷ ድረስ አለማድረሳችን ነው።