ሞቼና ቦራጎ፦ ዳሞታ ያጠጣው ዋሻ

ክረምት በገባ ቁጥር ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ውሃ ከሞቼና ቦራጎ አናት እየተወረወረ ደጁ ላይ ይፈጠፈጣል። ከውስጥ የተጠለለ ሰው ውጭውን የሚያየው ፏፏቴውን አሻግሮ ነው።

ቦታው ወላይታ ሶዶን ቁልቁል ከሚያየው ተራራ ተዳፋት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ዋሻ ይባል እንጂ ወደ ጥልቁ አይዘልቅም፤ አፉን 70 ሜትር ያህል የከፈተ የዓለት መጠለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቆፈሩት። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት እና የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲዋ ኤሊዛቤት ሂልደብራንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥራውን ቀጠሉ። ከአመድና ከአፈር ንብርብሮች መካከል ያገኙት አብዛኛው መሣሪያ ከኦብሲዲያን የተጠረበ ነው፤ እንደ ጠርሙስ ከሚሰነጠቀው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። የታችኞቹ ንብርብሮች ዕድሜ ከ50,000 ዓመት ይበልጣል።

ሰዎቹን እዚህ ምን አመጣቸው? ከቀረቡት መላምቶች አንዱ ውሃን ይጠቅሳል። ቆላው በድርቅ ሲመታ የደቡብ ምዕራቡ ደጋ ዝናብ ስላላጣ መሸሸጊያ ሆኗቸው ነበር የሚል ነው።

ይኸው ውሃ ግን ዛሬ ያሰጋል። ከ36,000 ዓመት ገደማ ንብርብር በላይ የተደረበው ባለፉት 10,000 ዓመታት ውስጥ የተከማቸ አፈር ነው፤ በመካከሉ ያለው ረጅም ዘመን የለም። ሰው ጥሎት ሄዶ ይሁን ውሃ ጠርጎት፣ የጎደለው ጎድሏል። ከላይ የሚሰርገው ውሃ ደግሞ ሳይታይ ይጎዳል፤ አፈሩን አላልቶ የአንዱን ዘመን ስባሪ ወደ ሌላው ያወርዳል፣ አዲስ ካርቦንም ይዞ ወደ ጥንቱ ከሰል ይገባል። በራዲዮካርቦን የማይለካ ያህል ያረጀ ከሰል አንድ በመቶ የዛሬ ካርቦን ከተቀላቀለበት 37,000 ዓመት ገደማ ብቻ ያስቆጠረ ይመስላል። በዚህ ቦታ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም!

የላሊበላ ጠራቢዎች ይህን ጠላት፣ ውሃን፣ ያውቁት ነበር። ከምድር በታች ለወረዱት አብያተ ክርስቲያናት የውሃ መውረጃ ቦይ አብረው ፈለፈሉ። ያም ሆኖ ዝናቡ ዓለቱን መብላቱ ስላልቀረ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንዳንዶቹ በላይ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ፤ የእነሱ ክብደት ራሱ ሌላ ስጋት ሆነ።

ለሞቼና ቦራጎ የብረት ጣሪያ አያስፈልገውም፤ ጣሪያው ዓለቱ ነው። የሚያስፈልገው ከአናቱ ያለው ተዳፋት ጎርፉን ቀስ አድርጎ እንዲለቅ ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ወላይታ ሩቅ አገር ሄዳ መማር የለባትም። እዚያው ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ኮረብታ ከብት እንዳይገባበት ከልለው፣ ከቀረው ጉቶ ያቆጠቆጠውን እየተንከባከቡ ደን አድርገውታል። ዳሞታም ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ከዋሻው በላይ ያለው መሬት በዚሁ ሥራ መታቀፍ፣ ጎርፉን ከቁፋሮው ጉድጓድ የሚያርቅ ቦይም ሰኔ ሳይገባ መቀደድ አለበት።