ችሎት ሳይሰየም ያለቀ ክስ

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የፈረንሳዊው ሻምበል አልፍሬድ ድሬይፉስ ታሪክ ሲነሣ ግን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው መጨረሻውን ነው። ማዕረጉ በአደባባይ መገፈፉን፣ ሰይፉ መሰበሩን፣ ወደ ሰይጣን ደሴት መጋዙን፣ ደራሲው ኤሚል ዞላ ስለ እሱ መጮኹን እናውቃለን። ሰውየው የተፈረደበት ግን ዳኞቹ ከመቀመጣቸው በፊት፣ ገና በምርመራው ጊዜ ነበር።

ኦክቶበር 15 ቀን 1894 እ.ኤ.አ.፣ ሰኞ ጠዋት፣ አይሁዳዊው መኮንን የሲቪል ልብስ ለብሶ ጦር ሚኒስቴር እንዲቀርብ ተጠራ። ሻለቃ ዱ ፓቲ ደ ክላም ጣቱን እንደታመመ አስመስሎ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ጠየቀው። የሚያጽፈው ቃል የተቀዳው ለጀርመን ወታደራዊ አታሼ ከተላከ፣ ፊርማ ከሌለው የምስጢር ዝርዝር ነበር። ጥቂት መስመር እንደጻፈ ሻለቃው «ትንቀጠቀጣለህ» ብሎ አፋጠጠው። ድሬይፉስ ጣቶቹን ብርድ እንደያዛቸው ተናገረ። ወዲያው በአገር ክህደት መያዙ ተነገረው። ራሱን ያጠፋ እንደሆነ ተብሎም ሽጉጥ ተዘጋጅቶለት ነበር። ንጹሕነቱን ለማስመስከር መኖር እንደሚፈልግ ገልጾ አልነካውም።

ከዚያ ሸርሽ ሚዲ በተባለው የጦር እስር ቤት ብቻውን ተዘጋበት። ባለቤቱ ሉሲ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ታዘዘች። የተከሰሰበትን ሰነድ ሙሉ ቅጂ ያየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዱ ፓቲ ሌሊት ድንገት ገብቶ በኃይለኛ መብራት ሊያስደነግጠው አስቦ ነበር፤ የእስር ቤቱ አዛዥ ሻለቃ ፎርዚኔቲ ግን አልፈቀደም። እስረኛው ንጹሕ ነው ብለው ካመኑት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱም ይኸው አሳሪው ነበር።

የእጅ ጽሑፍ መርማሪዎችም አልተስማሙም። የፈረንሳይ ባንክ ባለሙያ የነበረው ጎቤር ጽሑፉ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል አለ። የፖሊሱ ቤርቲዮን ግን የድሬይፉስ ነው አለ፤ ያልተመሳሰለውንም ሰውየው ሆን ብሎ የራሱን ጽሑፍ እንዳጣመመው አድርጎ ተረጎመው። ቢመሳሰልም ማስረጃ፣ ባይመሳሰልም ማስረጃ!

በኖቬምበር የተከፈተው መደበኛ ቅድመ ምርመራ ዲሴምበር 3 ቀን ተዘጋ። ጠበቃው ኤድጋር ደማንዥ ደንበኛውን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የዘመኑ የጦር ሕግ በምርመራ ጊዜ ለተከሳሽ ጠበቃ አይፈቅድም ነበርና፣ ሻምበሉ ሰባት ሳምንት ያህል ብቻውን ተሟገተ። ምርመራው ሳያልቅም የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል መርሲዬ ጥፋተኛነቱን እንዳረጋገጡ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

እንግዲህ እምቢ ያሉ፣ የተጠራጠሩ ሰዎች አልጠፉም። የጠፋው ጥርጣሬያቸውን ይዞ መርማሪውን የሚሞግት ሰው ነው። በዝግ ችሎት የተቀመጡት ሰባት መኮንኖች ዲሴምበር 22 ቀን በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ለውሳኔ ሲመክሩም ተከሳሹም ጠበቃውም ያላዩት የምስጢር ዶሴ ቀርቦላቸው ነበር። ዝርዝሩን የጻፈው ሻለቃ ኤስተርሃዚ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

በ1897 የወጣ ሕግ በሲቪሉ ፍርድ ቤት የሚመረመር ሰው ጠበቃው ባለበት እንዲጠየቅ ደነገገ። ጁን 15 ቀን 1899 ደግሞ የዚህ ሕግ አንዳንድ ድንጋጌዎች ለጦር ፍርድ ቤትም እንዲሠሩ ተደረገ። ድሬይፉስን ሰበር ሰሚው ችሎት ነፃ ያወጣው ጁላይ 12 ቀን 1906 ነው። አንድ ጠዋት፣ በአንድ ዝግ ክፍል የተቋጠረውን ለመፍታት ወደ አሥራ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጀ።