ሦስቱን ያስማማ ስፖርተኛ፤ የፍራንክ ዎሬል ታሪክ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ኳስ የሚወድ ተማሪ ይህን ተረት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ወላጆች ልጃቸው በጨዋታ ምክንያት ከትምህርቱ እንዳይሰናከል ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ስፖርትን፥ ትምህርትንና ሕዝብን ማገልገልን በአንድ ዕድሜ ያስማሙ ሰዎች መኖራቸውን ታሪክ ይመሰክራል። ከነዚህም አንዱ የባርቤዶስ ተወላጅ የነበረው የክሪኬት ተጫዋች ፍራንክ ዎሬል ነው። እኛም ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት የእርሱን ታሪክ የመረጥነው ሦስቱን እንዴት አድርጎ እንዳስማማቸው ለመመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ክሪኬት በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ጨዋታ ስለ ሆነ አስቀድመን ጥቂት ብንገልጽ መልካም ነው። በእያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች አሉ። አንዱ ቡድን ኳስ ሲወረውር የሌላው ቡድን ተጫዋች በጠፍጣፋ እንጨት ይመታል፤ ከመታም በኋላ ከወዲያ ወዲህ በመሮጥ ነጥብ ያገኛል። ወርዋሪው ደግሞ ከመቺው በስተኋላ የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች በኳሱ ለመምታት ይሞክራል። በአገሮች መካከል የሚደረገው ታላቁ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ጨዋታው ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትንና ማሰብን ይጠይቃል።

ባርቤዶስ በዌስት ኢንዲስ ደሴቶች በስተምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ከ1627 ጀምሮ ነጻነቷን እስካገኘችበት እስከ 1966 ድረስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆች ናቸው። ዎሬል ኦገስት 1 ቀን 1924 በዚያች ደሴት በብሪጅታውን ከተማ ተወለደ።

የተማረው ከብዙ ዘመን በፊት በተመሠረተው በኮምበርሜር ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ከነበሩት መምህራን አንዱ ዴሪክ ሲሊ ራሱ ለዌስት ኢንዲስ የተጫወተ የታወቀ ስፖርተኛ ስለ ነበረ፥ ተማሪዎቹ ጨዋታውን ከሚያውቅ ሰው የመማር ዕድል ነበራቸው። ዎሬል ገና ተማሪ ሳለ በ1942፥ በ17 ዓመቱ፥ ለባርቤዶስ ቡድን ተመረጠ። የተመረጠው ግን በወርዋሪነት ነበር፤ በመምታት ተራ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነበረ። በዚያ ተራ ረክቶ አልቀረም። ተለማመደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በ1944 በትሪኒዳድ ቡድን ላይ ብቻውን 308 ነጥብ አገባ። በ1950 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ 261 ነጥብ አግኝቶ ስሙ በክሪኬት ዓለም ሁሉ ተሰማ።

አሁን ስለ ትምህርቱ እንናገር። ከ1948 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር ለራድክሊፍ ክለብ በደመወዝ ይጫወት ነበር። ክፍያው ለመኖር ይበቃው ስለ ነበረ በዚሁ ረክቶ መቅረት ይችል ነበር። እርሱ ግን የስፖርተኛ ጉልበት ከጥቂት ዓመታት እንደማያልፍ ተረድቶ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገባ። እየተጫወተ ተማረ። የዌስት ኢንዲስ ቡድን በ1958 ወደ ህንድና ወደ ፓኪስታን ሲጓዝም ዎሬል አብሮ አልሄደም፤ ትምህርቱን ለመፈጸም እንግሊዝ አገር ቀረ። በ1959 ዲግሪውን ተቀበለ።

ከላይ የጠቀስነው ተረት የሚፈታው እዚህ ላይ ይመስለናል። ዎሬል ሁለቱን ዛፍ ባንድ ጊዜ ልውጣ አላለም። አንዱን በሚወጣበት ጊዜ ከሌላው ለመውረድ ቈረጠ እንጂ። ማስማማት ማለት ለሁሉም እኩል ሰዓት መስጠት ሳይሆን፥ ለየትኛው ነገር ጊዜው አሁን እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

ትምህርቱም ለጨዋታው ጠቀመው። እስከዚያ ዘመን ድረስ በዌስት ኢንዲስ ቡድን ውስጥ ከተጫዋቾቹ የሚበዙት ጥቁሮች ሆነው ሳለ አለቅነቱ የነጮች ድርሻ ሆኖ ኖሯል። በ1948 ጆርጅ ሄድሊ የተባለው ጥቁር ተጫዋች ቡድኑን ቢመራም ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ነበር። ይህን አድልዎ በመቃወም የትሪኒዳዱ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ በጋዜጣው ብርቱ ክርክር አደረገ። በመጨረሻ ዎሬል በ1960 ወደ አውስትራሊያ ለሚሄደው ቡድን አለቃ ሆኖ ተሾመ። ለአንድ ሙሉ ተከታታይ ውድድር የተሾመ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው። ቢወድቅ ኖሮ «ጥቁር ሰው መምራት አይችልም» ለሚሉት ምክንያት በሆናቸው ነበር።

በዲሴምበር 1960 በብሪዝበን ከተማ በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ሁለቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው በድምሩ 737 ነጥብ አግኝተው እኩል ወጡ። በአገሮች መካከል ታላቁ ግጥሚያ ከተጀመረበት ከ1877 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። በጠቅላላው ውድድር አውስትራሊያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ይሁን እንጂ ተሸናፊው ቡድን ሲሰናበት የሜልበርን ሕዝብ በየመንገዱ ወጥቶ በእልልታና በጭብጨባ ሸኘው። ስለ ዎሬል ክብር የተሰየመው ዋንጫ እስከ ዛሬ ድረስ የሁለቱ ወገኖች መወዳደሪያ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን በማርች 1962 የሆነው ነገር ነው። የህንድ ቡድን አለቃ ናሪ ኮንትራክተር በብሪጅታውን ሲጫወት በፍጥነት የተወረወረ ኳስ ጭንቅላቱን መታውና ለሞት ተቃረበ። ለቀዶ ጥገናው ደም በተፈለገ ጊዜ ከሰጡት ሰዎች አንዱ የባላጋራው ቡድን አለቃ ዎሬል ነበር። ኮንትራክተርም ተረፈ። ይህን በማሰብ ከ1981 ጀምሮ በህንድ የቤንጋል ክሪኬት ማኅበር በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 3 ቀን በዎሬል ስም የደም ልገሳ ያደርጋል።

ዎሬል በ1963 መጫወት ካቆመ በኋላም አላረፈም። በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ ሆኖ ወጣቶችን ይመክርና ይረዳ ነበር፤ በጃማይካም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኖ አገልግሏል። በ1964 ከእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕርግ ተቀበለ። ማርች 13 ቀን 1967 ገና በ42 ዓመቱ በደም ካንሰር ዐረፈ። በለንደን በዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ጸሎት ተደረገለት። ባርቤዶስም መልኩን በአምስት ዶላር ገንዘቧ ላይ አትማለች።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፥ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሁላችንም 308 ነጥብ ልናገባ አንችልም። ነገር ግን የፈተና ሰሞን ሲደርስ ኳሱን ማስቀመጥ፥ በሜዳም ስንሸነፍ አሸናፊውን ማክበር፥ የወደቀውንም «የኛ ወገን ነው ወይስ የነሱ?» ሳንል ማንሣት ለማንኛችንም የሚቻል ነው። ወላጆችና መምህራንም ልጁ ኳስ ይዞ ሲወጣ ቢያዩ፥ ኳሱን ከመቀማት ይልቅ ጊዜውን እንዲያውቅ ቢያስተምሩት መልካም ነው እንላለን።